ለፒክአፕ መኪና ትክክለኛውን የምትክ ጎማ ልክ ስለ መምረጥ፦ ለደሴው ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጠየቁት ጉዳይ ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከከሚሴ እስከ መካነ ሰላም ጭነት የሚያመላልስ ባለፒክአፕ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ስለሆነ መልሱን ከነምክንያቱ ዘርዘር አድርጌ ለመስጠት መርጫለሁ። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለን ያቀረቡትን በአጭሩ ላስቀምጥ። መኪናዎ ባለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ አራቱንም ጎማ የምታሠራው ሾፌሩ ሲያስገባት ብቻ ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 205አር16ሲ ይላል፤ በአሮጌዎቹ ጎማዎች ጎን ላይ 110/108 የሚል ቁጥር አለ፤ ቸርኬው ላይ ደግሞ 16 በ6ጄ ተብሎ ተመቷል። ከቆቦ ሽንኩርት፣ ከደላንታና ከኩታበር እህልና ጥራጥሬ ወደ ደሴ ያመጣሉ፤ አልፎ አልፎም ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ጭነትዎ እስከ 10 ኩንታል ይደርሳል። የኋላ ሁለት ጎማዎችዎ ሙልጭ ብለዋል፤ በእጅዎ ያለው ገንዘብም የሚበቃው ለሁለት ጎማ ነው። አንድ ነጋዴ 265/70አር16 እና 245/70አር16 አቅርቦልዎ «ሁሉም አሥራ ስድስት ነው፣ ይገባል፤ ሰፊ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይሸከማል» ብሎዎታል። አንድ ወዳጅዎ በበኩላቸው ከላንድክሩዘር የወጣ 7.50አር16 እንዲገጥሙ መክረውዎታል። የትኛውን ልግዛ ነው ጥያቄዎ።

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ከሦስቱ አንዱንም አይግዙ። ባለዎት ገንዘብ ሁለት አዲስ 205አር16ሲ፣ የጭነት መለያ ቁጥራቸው 110/108 የሆነውን ገዝተው ከኋላ ይግጠሙ፤ የፊቶቹን አቅም ሲፈቅድ በዚያው ልክ ይተኩ። ይህ ልክ ከደሴም ከኮምቦልቻም ገበያ ከጠፋ ብቻ 225/75አር16 የሆነውን፣ ግን ኤልቲ የተባለውንና (ለጭነት ተጠናክሮ የተሠራ ጎማ መለያ ነው) ቢያንስ 110 የጭነት ቁጥር ያለውን መያዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት መግዛት አይበቃም፣ አራቱም ከነስኮርታው መለወጥ አለባቸው። ምክንያቱን እንደሚከተለው አስረዳለሁ፤ ምክንያቱን ካወቁት ነጋዴው ነገ ሌላ ልክ ቢያወጣልዎ ራስዎ መዝነው መመለስ ይችላሉ።

ነጋዴው «አሥራ ስድስት ነው» ያለው የቸርኬውን ቁመት በኢንች ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የግድ መግጠም ያለበት ቢሆንም ስለ ጎማው የሚነግረን በጣም ጥቂቱን ነው። 265/70አር16 በሚለው ጽሑፍ 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 ደግሞ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጎማው ጥርስ ያለው የጎን ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ መሆኑን ይገልጻል፤ አር የሚለው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን ያሳያል። በእርስዎ 205አር16ሲ ላይ መካከለኛው ቁጥር የለም፤ እንዲህ በተጻፉ ጎማዎች የጎን ከፍታው ከወርዱ 80 በመቶ ገደማ ነው ተብሎ ይወሰዳል። መጨረሻ ላይ ያለው ሲ ጎማው ለጭነት መኪና ተጠናክሮ የተሠራ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ፊደል ቢያልፈውም ለእርስዎ ሥራ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

አሁን የጎማውን ሙሉ ቁመት እናስላ። ወርዱን በምጣኔው ያባዛሉ፣ ላይና ታች ስላለ በ2 ያባዙታል፣ ከዚያ የቸርኬውን ቁመት ይደምሩበታል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ16 ኢንች ቸርኬ 406.4 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት 205አር16ሲ 735 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወጣል። 245/70አር16 749፣ 265/70አር16 ደግሞ 777 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወዳጅዎ የመከሩት 7.50አር16 ወርዱ በኢንች የተጻፈ ሲሆን ቁመቱ ከ800 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በሙያው ተቀባይነት ያለው ልማድ ምትክ ጎማ ከመጀመሪያው ቁመት በ3 በመቶ ሳይበልጥም ሳያንስም እንዲሆን ነው፤ ይህም ለእርስዎ መኪና ከ713 እስከ 757 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ 265/70 በ5.7 በመቶ፣ 7.50 ደግሞ በ9 በመቶ ገደማ ያልፋሉ። 245/70 በዚህ መለኪያ ብቻ ቢታይ ያልፋል፤ የሚወድቀው በሌላው ነው፣ እመለስበታለሁ።

የ5.7 በመቶ ልዩነት በሜዳ አገር ለሚነዳ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለወሎ ሾፌር ግን ትንሽ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ቆቦ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ ከቆቦ የሚያመጡት ጭነት ከታች ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ጎማው በረዘመ መጠን ሞተሩ በመንገዱ ላይ የሚያሳርፈው የመግፋት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በተለይ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ቀድሞውንም ከጉልበቱ ያጣው አለ። ሽንኩርት ጭነው የውጫሌን ዳገት ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ ትወጣ የነበረችው መኪና አንደኛ ትጠይቅዎታለች፤ ቁልቁል በሚጎትት ጭነት መነሳት ሲኖርብዎ ፍሪሲዮኑ ከልማዱ በላይ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ቶሎም ያልቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ መኪናውን የሚይዝልዎ ፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። የረዘመ ጎማ ይህን የሞተር መያዝ እዚያው 5.7 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል፤ ፍሬኑም ያንኑ መኪና በዚያው ፍጥነት ለማቆም የበለጠ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል፣ ምክንያቱም ረጅሙ ጎማ እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ ፍሬኑን ይታገለዋል። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው ያታልልዎታል፤ መለኪያው 60 ሲል መኪናዋ በእርግጥ ከ63 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት እየሄደች ነው። ፍጥነቱ በሦስት ኪሎ ሜትር ከፍ ማለቱ፣ ሞተሩ ያነሰ መያዙ፣ ፍሬኑ የበለጠ መድከሙ በየግላቸው የሚታገሡት ነገር ቢሆንም፣ በአንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ በ10 ኩንታል ጭነት አብረው ሲመጡ የፍሬን መጋልና መላላት የሚጀምርበትን ቦታ ወደ ላይኛው ኩርባ ያቀርቡታል። ስለዚህ ለጭነት ሥራ ጎማ ማስረዘምን አልደግፍም።

ቀጥሎ የሚታየው የቸርኬው ስፋት ነው፤ በገበያችን ከሁሉ የሚረሳውም ይህ ነው። በእርስዎ ቸርኬ ላይ ያለው 6ጄ የሚለው ምልክት ጎማው የሚቀመጥበት የውስጥ ስፋት 6 ኢንች መሆኑን ይናገራል። እያንዳንዱ የጎማ ልክ አምራቾች የተስማሙበት ዝቅተኛና ከፍተኛ የቸርኬ ስፋት አለው። ለ265/70አር16 ዝቅተኛው 7 ኢንች፣ ለ245/70አር16 ደግሞ 6.5 ኢንች ነው። ሁለቱም ከእርስዎ ቸርኬ ጋር አይስማሙም። ጎሚስታው በርግጥ ያስገባዋል፤ ንፋስ ሲሞላም ጎማው ቦታውን ይይዛል። ነገር ግን ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል፣ የጥርሱ መካከል ይቆልላል፣ ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው ጠቅላላ ገጽ ይጠባል። ሰፊ ጎማ የገዙት መሬት በደንብ እንዲይዝልዎ ከሆነ የሚያገኙት ተቃራኒውን ነው። ጎማው መካከሉን ቶሎ ይበላል፤ ኩርባ ላይ ጭነቱ ወደ ጎን ሲደገፍ ሽቦ ያለበት የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ጋር ያለው መያያዝ ይላላል፤ ጎኑም ያለማቋረጥ እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚሄድ ከውስጥ ይሞቃል። በዚህ መለኪያ 7.50አር16 ከ6 ኢንች ቸርኬ ጋር ጠብ የለውም፤ ወዳጅዎም ይህን አይተው ይሆናል የመከሩት። ቁመቱ ግን ከላይ ባልኩት ምክንያት አያስኬደውም፤ መሪ ሙሉ ሲጠመዘዝም የፊቱ ጎማ ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።

ምናልባት ነጋዴው «እንግዲያው ሰፊ ቸርኬ እሸጥልዎታለሁ» ሊልዎ ይችላል። በዚህ ጊዜ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥር 6 መሆኑንና ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበት ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ማየት ብቻ አይበቃዎትም። የመካከሉ ቀዳዳ ከአክስሉ አናት ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቸርኬው ብሎን ከሚታሰርበት ገጽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚወጣ መታየት አለበት። ወደ ውጭ ብዙ የሚወጣ ቸርኬ የጎማውን ኩሽኔታ ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል፣ መሪውንም ያከብደዋል። ለእርስዎ ሥራ ይህ ሁሉ ወጪ የሚመልሰው ጥቅም አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጭነቱ እንምጣ። ነጋዴው «ሰፊ ሲሆን የበለጠ ይሸከማል» ያለው ትክክል አይደለም። አንድ ጎማ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የሚነግረን ወርዱ ሳይሆን ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈው የጭነት መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም፤ በሠንጠረዥ የሚፈታ ነው። 104 ማለት 900 ኪሎ ግራም፣ 107 ማለት 975፣ 108 ማለት 1,000፣ 110 ማለት 1,060፣ 112 ማለት 1,120፣ 115 ማለት 1,215 ኪሎ ግራም ነው። በእርስዎ ጎማ ላይ 110/108 ተብሎ ሁለት ቁጥር የተጻፈው ጎማው በአንድ በኩል ለብቻው ሲታሰር 1,060፣ እንደ አይሱዙ የጭነት መኪና የኋላ ጎማ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ሲታሰር ደግሞ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ እንዲሸከም ነው። ለፒክአፕ የሚሠራው የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

የ245/70አር16 የተለመደው ዓይነት 107 ነው፤ ከእርስዎ ጎማ በአንድ ጎማ 85 ኪሎ ያንሳል። በ40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ጎማ ያነሰ መሸከሙ ሊያስገርምዎ ይችላል። ምክንያቱ የሚሸከመው በውስጡ ያለው የታመቀ ንፋስና ያንን ንፋስ የሚይዘው የጎማው አካል በመሆኑ ነው፤ ለቤት መኪናና ለሽርሽር የተሠራው ጎማ ዝቅ ባለ ንፋስ እንዲሠራ ስስ ሆኖ ሲሠራ፣ ሲ ወይም ኤልቲ የተባለው ደግሞ ከፍ ያለ ንፋስ እንዲችል ጎኑ ተደራርቦ ይሠራል። ስለዚህ ጠባቡ ጠንካራ ጎማ ሰፊውን ስስ ጎማ በጭነት ይበልጠዋል።

ይህ በመኪናዎ ላይ ምን እንደሚሆን በስሌት ልመልከት። በባዶዋ መኪና የኋላ አክስል ላይ 750 ኪሎ አርፎበታል እንበል። 10 ኩንታል ሲጭኑ ጭነቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ከኋላው አክስል ላይ ስለሆነ አክስሉ ወደ 1,700 ኪሎ ይጠጋል፤ በአንድ ጎማ 850 ማለት ነው። መኪናዋ ግን ዝም ብላ አትቆምም። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኩርባ ላይ ወደ ውጨኛው ጎማ ይሸሻል፤ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ከሆነ የታችኛው ጎማ ከድርሻው በላይ ይወስዳል፤ በኮረኮንቹ ላይ ደግሞ ጉድጓድ በገቡ ቁጥር ለቅጽበት የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። 104 ቁጥር ያለው ጎማ በዚህ ሁሉ ላይ 50 ኪሎ ብቻ ነው የሚተርፈው፤ 110 ቁጥር ያለው ግን ከ200 ኪሎ በላይ ይተርፈዋል። በደላንታ መንገድ ጎናቸው የፈነዳ ጎማዎችን ሲያዩ ሰዎች ድንጋዩን ይረግማሉ፤ ከጎማው ጎን ያለውን ቁጥር ያነበበ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱን እዚያው ያገኘዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። የጎማው ቁጥር ከፍ ማለቱ መኪናዋ የምትጭነውን አያሳድገውም። ባሌስትራው፣ አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነው፤ ይህም በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። 10 ኩንታል ሽንኩርት፣ በጋቢናው ውስጥ አራት ሰው፣ የሞላ ናፍጣ ታንክ ሲደመር ሰሌዳው ከፈቀደው ሊያልፍ ስለሚችል አንድ ቀን ሚዛን ላይ አቁመው ይዩት።

አሁን ሁለት ብቻ ለመግዛት ስላሰቡት ልናገር፤ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። የእርስዎ ሃይሉክስ አራቱን ጎማ ስታሠራ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ላይ አስራ ነው የምታዞራቸው፤ በመካከላቸው ልዩነትን የሚያስተካክል ዲፈረንሺያል የለም። ዲፈረንሺያል ያለው በየአክስሉ ላይ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ብቻ ነው። ይህ ማለት የፊትና የኋላ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ እኩል መዞር ግዴታቸው ነው። 735 ሚሊ ሜትር የሆነው ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 433 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 777 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን 410 ጊዜ ያህል ነው። ከኋላ 265/70፣ ከፊት 205 አስረው አራቱን ጎማ ቢያሠሩ በየኪሎ ሜትሩ 23 ዙር የሚሆነው ልዩነት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። መሬቱ ጭቃ ወይም ጠጠር ከሆነ አንዱ ጎማ እየተንሸራተተ ያወጣዋል። ደረቅና የሚይዝ መሬት ላይ ግን መውጫ ስለሌለው በዘንጎቹ፣ በማርሽ ጥርሶቹና በአክስሎቹ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይጠራቀማል። ሾፌሩ መጀመሪያ የሚያስተውለው አራቱን ጎማ ለማውጣት ሲሞክር ማንሻው አልወጣ ማለቱን፣ ቀጥሎም ከሥር የሚሰማውን ድምፅ ነው። ሳይታወቅ ከቆየ የጥርስ መሰበር ይከተላል፤ ይህም ከአራት ጎማ ዋጋ በእጅጉ የሚበልጥ ወጪ ነው። በክረምት ዋልካው ሲረጥብ ወደ ደላንታ የሚሄድ ሰው ያለ አራቱ ጎማ እንደማይወጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ «አራቱን አላሠራም» የሚለው መፍትሔ አይሆንም።

ለዚህ ነው ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ ያው ልክ መሆን አለበት ያልኩት። ልኩ አንድ ቢሆንም እንኳ አዲሱና ያረጀው ጎማ በቁመት ትንሽ ይለያያሉ፤ ጥርሱ ሲያልቅ ቁመቱም ያጥራልና። ይህን ልዩነት መኪናዋ ትችለዋለች፤ ቢሆንም የፊቶቹ ጥርስ በጣም የሳሳ ከሆነ አራቱን ጎማ በአስፋልት ላይ ፈጽሞ አያስገቡ። አዲሶቹን ከኋላ ይግጠሙ ያልኩት ክብደቱን የሚሸከመውም፣ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተት መኪናዋን የሚያሽከረክራትም የኋላው ስለሆነ ነው። በአንድ አክስል ላይ ግን የተለያየ ልክ፣ የተለያየ ፋብሪካ ወይም በጣም የተራራቀ ያለቀ ጎማ አያስሩ። ስኮርታውም ቢሆን ይኸው ሕግ ይመለከተዋል፤ ከሌላ ልክ የሆነ ስኮርታ ይዞ ወደ ወገልጤና መውጣት ያለ ስኮርታ ከመውጣት ብዙም አይሻልም።

205አር16ሲ ካልተገኘ ስላልኩት ምትክ ጥቂት ልጨምር። 225/75አር16 ሲሰላ ቁመቱ 744 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው በ1.3 በመቶ ብቻ ይበልጣል። ለቸርኬ የሚፈቀድለት ስፋት ከ6 ኢንች ይጀምራል፤ ስለዚህ ከእርስዎ ቸርኬ ጋር ይስማማል። አደጋው ያለው በጭነቱ ላይ ነው፤ በዚሁ አንድ ልክ 104 ቁጥር ያለው ለቤት መኪና የተሠራም አለ፣ ኤልቲ ተብሎ 115/112 የተጻፈበትም አለ። ልካቸው ቃል በቃል አንድ ሆኖ በአንድ ጎማ ከ300 ኪሎ በላይ ይለያያሉ። ነጋዴው ልኩን ብቻ ነግሮ ርካሹን ቢያወጣልዎ ልኩን አልዋሸዎትም፤ ቁጥሩን ራስዎ በእጅዎ ዳስሰው ካላነበቡ ግን ለመኪናዎ የማይሆን ጎማ ይዘው ይሄዳሉ። 235/70አር16 የሚባልም ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ቁመቱ ከእርስዎ ጎማ ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው፣ ቸርኬውም ይቀበለዋል፤ ግን አብዛኛው በ106 ቁጥር፣ ማለትም በ950 ኪሎ የሚመጣ ስለሆነ ለ10 ኩንታል ሥራ አይሁንብዎት።

የንፋሱን ልክ የሚወስነው የበሩ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ባዶና ጭነት የያዘ መኪና ብሎ ለፊትና ለኋላ ይለያል። በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 100 ኪሎ ፓስካል 14.5 ፒኤስአይ መሆኑን ይያዙ፤ ሁለቱም የንፋስ ግፊት መለኪያዎች ናቸው። ይህ የሰሌዳ ቁጥር የሚሠራው ግን ለ205አር16ሲ ብቻ ነው። ወደ ኤልቲ ጎማ ከተሻገሩ ያንኑ ጭነት ለመሸከም የተለየ፣ በአብዛኛው ከፍ ያለ ንፋስ ይጠይቃል፤ 115 ቁጥር ያለው ኤልቲ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው በ80 ፒኤስአይ ስለሆነ ከሻጩ የአምራቹን የጭነትና የንፋስ ሠንጠረዥ ጠይቀው ለእርስዎ ጭነት የሚገባውን ይሙሉ። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ነው። ብዙ ሾፌሮች ከደሴ ብርድ ወደ ቆቦ ሙቀት ሲወርዱ ጎማው ይፈነዳል ብለው ንፋስ ያስተነፍሳሉ። ይህ አያስፈልግም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ከፍ ቢልም፣ የ1,000 ሜትር መውረዱ የውጩን አየር ስለሚያከብደው መለኪያው ላይ 1.4 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። ጎማን የሚያፈነዳው በርሃ ሳይሆን ንፋሱ አንሶ ጎኑ እየተጣጠፈ የሚፈጥረው የውስጥ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ተንፍሶ የወረደው ጎማ ይበልጥ ለአደጋ የቀረበ ነው።

ስለ ጥርሱ ዓይነት ብዙ አልልም፤ ከአስፋልትም ከኮረኮንችም የሚሠራውን መካከለኛ ጥርስ ይምረጡ፣ ለጭቃ ብቻ የተሠራው ባለ ትልልቅ ጥርስ በእርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝምና። ካላማዳሪያን በተመለከተ፣ ቸርኬው ደህና ሆኖ ጎማው ያለ ካላማዳሪያ እንዲሠራ የተሠራ ከሆነ ውስጡ አያስገቡበት፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መፋተግ ሙቀት ይጨምራል፣ ሲበሳም ንፋሱ ቀስ ብሎ በመውጣት ፈንታ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የጎማውን ዕድሜ ደግሞ በጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ከተጻፉት አራት አኃዞች ያገኙታል፤ 2324 ከሆነ በ2024 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሱቅ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ዓመታት የከረመ ጎማ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ተሰነጣጥቆ ያገኙታል፤ ቁጥሩን ሳያዩ አይክፈሉ። የጥርሱ ማለቂያ ምልክት በጎድጎዱ ውስጥ ያለው እብጠት ሲሆን ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ከእርሱ ጋር ይስተካከላል፤ በእኛ ዳገትና ጭቃ ግን እስከዚያ ድረስ ባይጠብቁት እመክራለሁ።

ሱቁ ውስጥ ሳሉ ማድረግ የሚችሉት ቀላል ፍተሻም አለ። ቸርኬ ላይ ታስሮ ንፋስ የተሞላውን ጎማ በጠመኔ ምልክት አድርገው መሬት ላይ አንድ ሙሉ ዙር ያንከባልሉትና የተጓዘውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ ሁለቱን አዳዲስ ጎማዎች እርስ በርስ፣ ቀጥሎም ከፊቶቹ ጋር ያወዳድሩ። ሁለቱ አዳዲሶች ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ይጠርጥሩና ያስለውጡ። የተለያየ ልክ ለሚሸጥልዎ ሰው ይህ ልኬት ከብዙ ክርክር ይበልጥ ያስረዳዋል።

ጎማዎቹ ከታሰሩ በኋላ ባላንስ ያስደርጉ፤ የፊቶቹ በአንድ ወገን ብቻ እየበሉ ከሆነ የመሪ አሰላለፉንም ያስመርምሩ። ብሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ እንዲጠብቁ ይጠይቁ፣ እንጂ በአንድ ወገን ተጀምሮ ክቡን ተከትሎ አይሁን። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላም፣ ማለትም ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ደርሰው ሲመለሱ፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓት ብሎኖቹን እንደገና በመፍቻ ይፈትሹ፤ የቸርኬው ገጽ ላይ የነበረው ቀለምና ዝገት ሲደቅ ብሎኑ ይላላልና።